የቶዮታ 1.4 ናፍጣ ወይስ የሬኖ 1.5?

አዳማ ላይ አነስተኛ ቱርቦ ናፍጣ ለምታማርጡ፣ እኔ የቶዮታውን እመርጣለሁ። የሬኖው 1461 ሲሲ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ጉልበቱም አይታማም። ግን በተለይ የድሮዎቹ ላይ የባዬላ ብሮንዚና (የፒስተኑ ዘንግ ሲዞር የሚንሸራተትበት ስስ ብረት) ቶሎ ይበላል፤ እሱ ከተበላ ሞተር ማውረድ ነው፣ ስለዚህ ዘይት ቅየራ ላይ ብር መቆጠብ የለም። ቺንጋው (የቫልቮቹን መከፈትና መዘጋት የሚያስተካክለው የጎማ ቀበቶ) ከተበጠሰም ቫልቮቹን ያጣምማል።

የቶዮታው 1364 ሲሲ በቺንጋ ፋንታ በካቴና (በብረት ሰንሰለት) ነው የሚሠራው። የመጀመሪያዎቹ 75፣ ኋላ የመጡት 90 የፈረስ ጉልበት አላቸው፤ በፈጣን መንገዱ አዲስ አበባ ለመመላለስ 90ው ይሻላል። የውሃ ፓምፑ ግን ያፈሳል። በአዳማ ሙቀት ውሃ ጎደለ ማለት ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) አደጋ ላይ ነው፣ ውሃውን ጠዋት ጠዋት እዩት እባካችሁ።

ኖዝል (ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጨው) ለሁለቱም ውድ ነው። ውሃ የገባበት ናፍጣ ይገድለዋል፣ የናፍጣ ፊልትሮውን በጊዜው ቀይሩ።