«ፑክራጅ» ተብሎ የሚሸጠው ቢጫ ፈርጥ

ኡርዱ ተናጋሪ የድንጋይ ነጋዴ «ፑክራጅ» ሲል ቢጫ ሰንፔር ማለቱ ነው። ቃሉ በኡርዱና እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሲፈለግ ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ፍቺ «ቶፓዝ» ነው። ገዢ ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ክፍተት ላይ ነው፤ ሁለቱ ድንጋዮች ከቀለም በቀር ዝምድና የላቸውም። ሰንፔር ኮረንደም ከሚባለው ማዕድን ሲሆን ጥንካሬው ከ1 እስከ 10 በሚሄደው የሞስ መለኪያ 9 ነው። ቶፓዝ 8 ቢሆንም በአንድ አቅጣጫ በቀላሉ ስለሚሰነጠቅ የጠረጴዛ ጠርዝ ሲመታው ሊከፈል ይችላል። ዋጋቸውማ ጨርሶ አይቀራረብም።

ጥፋቱ የመዝገበ ቃላቱ ብቻ አይደለም። ፑክራጅ የመጣው ከሳንስክሪቱ «ፑሽፓራጋ» ነው፤ የአበባ ቀለም ያለው እንደማለት፣ ስለዚህ ከመነሻው የመልክ ስም ነው። ቶፓዝም ስሙን ያገኘው ከአንድ የቀይ ባሕር ደሴት ሲሆን፣ ከዚያ የሚወጣው ድንጋይ አረንጓዴው ፔሪዶት ነበር። በኢዮብ 28፥19 የተጠቀሰውን የኢትዮጵያ ቶጳዝዮን ዛሬ በሱቅ ከሚታየው ቶፓዝ ጋር አንድ አድርጎ ማንበብም በዚሁ ምክንያት ያሳስታል። የኡርዱው «ዙሙሩድ» ግን አያደናግርም፤ የእኛው መረግድ ነው፣ ሁለቱም ከአንድ የግሪክ ቃል የወረዱ ናቸው።

የከፋው ማታለያ «ሱነህላ» የሚባለውን ርካሽ ሲትሪን፣ ማለትም ቢጫ ኳርትዝ፣ በፑክራጅ ስም መሸጥ ነው። ይህን 0.01 ግራም የሚለይ ሚዛን ያጋልጠዋል። ከቀለበት ያልተገጠመውን ድንጋይ ደረቁን መዝኑ። ከዚያ ውሃ ያለበትን ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ንባቡን ዜሮ አድርጉ፤ ድንጋዩን በቀጭን ክር አስራችሁ ግድግዳና ወለል ሳይነካ ሙሉ በሙሉ አጥልቁት። ደረቁን ክብደት አሁን ለሚታየው ቁጥር አካፍሉ። 1 ግራም፣ ማለትም 5 ካራት የሚመዝን ሰንፔር 0.25 ያህል ያሳያል፣ ውጤቱም 4 ይሆናል። እኩል የሚመዝን ቶፓዝ 0.28፣ ሲትሪን 0.38 ገደማ ያሳያል። ድንጋዩ ከ1 ግራም ካነሰ ሰንፔርና ቶፓዝን በዚህ ሚዛን መለየት አያስተማምንም።

ውጤቱን የሚያበላሸው ብዙውን ጊዜ ድንጋዩ ላይ የተጣበቀ የአየር አረፋ ነው፤ ንባቡን ከፍ ስለሚያደርግ እውነተኛውን ሰንፔር ቶፓዝ ያስመስለዋል። አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ውሃው ውስጥ መጨመር ይበቃል። ድንጋዩ ወለል ከነካም ስህተቱ ወደዚያው ያዘነብላል።

ሚዛኑ የማይይዘው ፋብሪካ የሠራውን ሰንፔር ነው፤ እሱም 4 ይሰጣል። በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽር ሲታይ ውስጡ የታጠፉ መስመሮች ወይም ክብ አረፋዎች ካሉ የተፈጥሮ አይደለም። አለመታየታቸው ግን ማረጋገጫ አይሆንም። ቤሪሊየም በሚባል ንጥረ ነገር ቢጫ የተደረገውን የተፈጥሮ ሰንፔር ደግሞ የሚለየው ላቦራቶሪ ብቻ ነው።

ለዘወትር ቀለበት እውነተኛው ፑክራጅ ከቢጫ ድንጋዮች ሁሉ የምንመርጠው ነው፤ ቶፓዝ ለጆሮና ለአንገት ጌጥ ይሁን። ጀርባው ክፍት የሆነ ቀለበት ይሻላል፣ ጀርባው ዝግ የሆነው ከሥር ቀለም ወይም ብልጭልጭ ወረቀት ሊደብቅ ይችላል። «ራቲ» የሚባለው የክብደት መለኪያ ከሻጭ ሻጭ ስለሚለያይ ክብደቱን በግራም ጠይቁ። ደረሰኙ ላይም ፑክራጅ ተብሎ ብቻ እንዳይጻፍ፤ «የተፈጥሮ ኮረንደም» የሚል ከሌለበት አትክፈሉ።