አራት ኪሎ ያሳተምኩት የወፍጮ ማሽን መመሪያ

አራት ኪሎ ጋ ያለች አንዲት ትንሽ ማተሚያ ቤት የወፍጮ ማሽን መመሪያ አሳተምኩ፣ በጣም ነው የወደድኩት። ልጅቷ ፋይሉን ገና ስታየው «ጋሼ ይሄ 38 ገፅ ነው፣ መሀሉ በሽቦ ከተሰፋ ለ4 መካፈል አለበት፣ 40 እናድርገው» አለችኝ፣ ከዛ ጎዶሎ የገፅ ቁጥሮቹን በቀኝ በኩል አርጋ ምዕራፎቹም ከቀኝ ገፅ እንዲጀምሩ አስተካከለችው። የውስጥ ህዳጉንም፣ መታጠፊያው ጋ ያለውን ባዶ ቦታ ማለቴ ነው፣ ሰፋ አደረገችው፣ በፊት ሌላ ቦታ ያሰራሁት እኮ ፅሁፉ መታጠፊያው ውስጥ ገብቶ አይነበብም ነበር፣ ሰው ማሽን ፈቶ በዘይት እጁ ገፅ ሲለጥጥ አስቡት! ከሁሉም ደስ ያለኝ ግን «ኤሌክትሪኩን ሳያጠፉ ክዳኑን አይክፈቱ» የሚለውን እኔ ከስራው ቅደም ተከተል በኋላ ነበር የፃፍኩት፣ እሷ ከፊቱ አምጥታ በሳጥን ከበበችው። ክዳን ከፍቶ ከጨረሰ በኋላ ማስጠንቀቂያ ምን ያደርግለታል? አቆራረጡ ላይ ትንሽ መዛነፍ አለ፣ ዋጋው ግን ተመጣጣኝ ነው።