ጅማ ላይ ደጅ ወጥቶ ለመሣል፦ የውሃ ቀለም ወይስ የዘይት ቀለም?

ጅሬን ኮረብታ ላይ፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አጠገብ ቆሞ ከተማዋን ለመሣል የውሃ ቀለም አይከብድም፤ ትንሽ ሣጥንና ወረቀት ይዞ ዳገቱን መውጣት ነው። የጠዋት ጉም በእርጥብ ወረቀት ላይ እንዴት ያምራል! ክረምት ላይ ግን ወረቀቱ ቶሎ አይደርቅም፣ ድንገተኛ ካፊያም ሥራውን ያጥበዋል።

የዘይት ቀለም ከውሃ ጋር ስለማይዋሃድ ካፊያን ይችላል። በ1841 እ.ኤ.አ. ቀለም የሚታሸግበት የቆርቆሮ ቱቦ ከተፈለሰፈ ወዲህ ይዞት መውጣትም ቀሏል። የሚደርቀው ከአየር ኦክስጅን ወስዶ ስለሆነ ቀናት ይፈጃል፤ እርጥብ ሸራ ይዞ ባጃጅ መሳፈር ፈተና ነው። ያም ሆኖ የማያምረውን ፍቆ እንደገና መቀባት ይቻላል። ከቡናው በላይ የተደራረቡት የጥላ ዛፎች አረንጓዴ ደግሞ ይህን ዕድል አጥብቆ ይፈልጋል፤ ስለዚህ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ዘይቱን እይዛለሁ።