የካፕቴን ቢዮንድ የመጀመሪያ ሸክላ፦ ከስምንት ወር በኋላ

መጀመሪያ ስለ ሽፋኑ፤ ብዙ ሰው ይህን የሮክ ቡድኑን የካፕቴን ቢዮንድን ሸክላ የሚገዛው ለእሱ ብሎ ነውና። በ1972 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ቀደምት እትም ፊቱ ላይ የተለጠፈበት ተራ ወረቀት አይደለም። ዘንበል ሲያደርጓቸው ዓይናቸውን የሚከድኑ የሚመስሉት ሥዕሎች የሚሠሩበት ዓይነት፣ በቀጭን በቀጭኑ የተሸነሸነ ፕላስቲክ ነው። ሥዕሉ ወደ ውስጥ የጠለቀ ይመስላል፣ ያምራልም። እኔ ጋ በቆየበት ስምንት ወር ውስጥ ግን የላይኛው ቀኝ ጥግ ከካርቶኑ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ተነሥቷል። ሙቀትና እርጥበት ሲለዋወጥ ፕላስቲኩና ካርቶኑ እኩል አይለጠጡም፤ የሃምሳ ዓመት ሙጫም ይደርቃል። በፈጣን ማጣበቂያ መልሶ መለጠፍ ፕላስቲኩን ያደበዝዘዋል፣ ባይነኩት ይሻላል። ሽፋኑን ግልጽ ከረጢት ውስጥ ከትቶ፣ ሳይጠቀጠቅ፣ ፀሐይ በማያገኘው መደርደሪያ ላይ ማቆም ይበቃዋል። አቧራውም በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ፣ ሽንሽኑን ተከትሎ ብቻ ይጠረግ።

ወደ ሙዚቃው ስንመጣ፣ ቡድኑ ከየቦታው የተሰባሰበ ነው። ድምፃዊው ሮድ ኢቫንስ የእንግሊዙ ሮክ ቡድን የዲፕ ፐርፕል የመጀመሪያው ዘፋኝ ነበር። ጊታሪስቱ ላሪ ራይንሃርትና ቤዝ ተጫዋቹ ሊ ዶርማን ከአሜሪካው ሮክ ቡድን ከአይረን በተርፍላይ የመጡ ናቸው። ድራሙ ላይ ያለው ቦቢ ካልድዌል ከብሉዝ ጊታሪስቱ ከጆኒ ዊንተር ጋር የሠራው ነው፣ ኋላ በለስላሳ የሶል ዘፈኖች የታወቀው ሞክሼው አይደለም። አሳታሚው ካፕሪኮርን ደግሞ ስሙ የገነነው በኦልማን ብራዘርስ ቡድን የአሜሪካ ደቡብ ሮክ ነበር፤ አልበሙም በ1971 ለሞተው ለዚሁ ቡድን ጊታሪስት ለድዌይን ኦልማን መታሰቢያ ተደርጓል። እንዲህ ያለ የጠፈር ጉዞ የሚመስል ሀርድ ሮክ በዚያ ቤት ውስጥ ባይተዋር መሆኑ አይገርምም። አልበሙ ተረስቶ ለመቅረቱ አንዱ ምክንያት ይኸው ይመስለኛል።

ሌላው ምክንያት አሰማሙ ነው። በዲጂታል ዝርዝሩ ላይ አሥራ ሦስት ዘፈን ይታያል፤ «አስትራል ሌዲ» የሚለው አሥራ ስድስት ሰከንድ ብቻ ነው። እነዚህን በዘፈቀደ አቀላቅሎ ማጫወት አልበሙን መቆራረጥ ነው። በመጀመሪያው ፊት ካሉት አምስት ዘፈኖች የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ያለ ፋታ ይያያዛሉ። በሁለተኛው ፊት ማብቂያ ላይ «አይ ካንት ፊል ናቲን» ይጀመርና በመሀል «አስ ዘ ሙን ስፒክስ» ይገባል፤ ከዚያ የመጀመሪያው ተመልሶ ይዘጋዋል። ኤምፒ3 ሲሠራ በፋይሉ ጫፍና ጫፍ ላይ ትንሽ ዝምታ ስለሚጨመር መጋጠሚያው ላይ ክፍተት ይሰማል። በስልክ የሚሰማ ሰው ማጫወቻውን ያለ ክፍተት እንዲያጫውት ያስተካክለው፤ አንዱን ዘፈን በሌላው ላይ የሚያደራርበውን ምርጫም ያጥፋ። ከሸክላው የሚቀዳ ደግሞ አንዱን ፊት በሙሉ እንደ አንድ ፋይል ይቅዳው፦ የመጀመሪያው ወደ 17፣ ሁለተኛው ወደ 18 ደቂቃ ይሆናል። የድምፁ ጣሪያ ከዜሮ (ድምፁ ከሚበላሽበት ወሰን) በታች 6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) አካባቢ ቢሆን ይበቃል።

የመክፈቻው «ዳንሲንግ ማድሊ ባክዋርድስ» የጊታር ሐረግ የሚቆጠረው በአምስት ነው። በአራት የሚቆጥር እግር ሁለተኛው ዙር ላይ ይሰናከላል፤ የትግርኛን አምስት ምት የለመደ ጆሮ ግን ቶሎ ይይዘዋል። ቀረጻው ደረቅ ነው፣ ድራሙ ከፊት ወጥቶ የኢቫንስ ድምፅ ወደ ኋላ ሸሽቷል። ቤዙ ይሳሳል፣ 2 ዴሲቤል ያህል ቢጨመርለት ይጠቀማል። ከዚያ በላይ ከሆነ የዶርማን ጣቶች ሥራ ይድበሰበሳል፤ እሱ ከጠፋ ደግሞ ምን ቀረ?

መርፌው ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በ33⅓ ዙር ሲሽከረከር የሸክላው ዳር በሰከንድ 51 ሴንቲ ሜትር ያህል በመርፌው ሥር ያልፋል። መለያው (መሀሉ ላይ ያለው ክብ ወረቀት) አጠገብ ሲደርስ ወደ 21 ይወርዳል። ያው ድምፅ በጠበበ ቦታ ስለሚታጨቅ የየፊቱ መጨረሻ፣ በተለይ «ሬጂንግ ሪቨር ኦፍ ፊር»፣ ይሻክራል። ጫፉ ክብ በሆነ ርካሽ መርፌ «ስ» የምትለው ድምፅ ትተፋለች። ሞላላ ጫፍ ባለው ኦዲዮ ቴክኒካ ቪኤም 95 ኢ በተባለ መርፌ፣ ሸክላው ላይ የሚያርፍበት ክብደት 2 ግራም ላይ ሲደረግ፣ ሻካራነቱ በጣም ቀንሷል። ክብደቱን ወደ 1.5 ዝቅ ማድረግ ሸክላውን የሚያድን ይመስላል፤ ግን መርፌው እየዘለለ የመስመሩን ግድግዳ ይበልጥ ይጎዳዋል።

ለጽዳት 400 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ፣ 100 ሚሊ ሊትር አይሶፕሮፒል አልኮልና ሁለት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይቀላቀላል። መለያውን ሳያረጥቡ በዙሪያው አቅጣጫ ማሸት፣ ከዚያ በንጹሕ የተጣራ ውሃ ማለቅለቅ፣ አቁሞም ማድረቅ ነው። ስሙ ሸክላ ይባል እንጂ ይህ ቪኒል ነው። በ78 ዙር የሚጫወቱትን የጥንቶቹን የሼላክ ሸክላዎች በዚህ ያጠበ ሰው አልኮሉ ያሟሟበታል።