ባለ 128 ጉድጓድ የችግኝ ማፍያ ትሪና የኮኮፒት ጡብ፦ ባሕር ዳር ላይ ያዋጣሉ?

በብርድ አገሮች ችግኝ በመጠለያ የሚፈላው ውርጩ እስኪያልፍ ነው። ባሕር ዳር ላይ የሚያስፈራው ዝናቡ ነው። በዓመት ከሚጥለው 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሚወርድ፣ ለመስኖ ተብሎ ነሐሴ ላይ በሜዳ መደብ የተዘራ ቲማቲም ወይ ጎርፍ ያጥበዋል ወይ ይበሰብሳል። ለዚህ ባለ 128 ጉድጓዱ ጥቁር የፕላስቲክ ትሪ ጥሩ መፍትሔ ነው፤ ሁሉም ትሪ ግን አንድ አይደለም።

ከመግዛትዎ በፊት በአንድ ጫፉ ይዘው ያንሱት። ባዶውን የሚታጠፍ ስስ ትሪ፣ ተሞልቶ ውሃ ሲጠጣ መሃሉ ይሰነጠቃል፤ ከአንድ ወቅት አያልፍም። ወፍራሙ ዋጋው ከፍ ቢልም ለብዙ ዙር ያገለግላልና እሱን ይምረጡ። የታች ቀዳዳዎቹንም ወደ ብርሃን አድርገው ይዩ፤ ሳይበሳ የቀረ ጉድጓድ ውሃ አቁሮ ሥር ያበሰብሳል።

ከትሪው ጋር የሚሸጠው ባለ 5 ኪሎ የኮኮፒት ጡብ (በአፈር ፋንታ ትሪው የሚሞላበት የተፈጨ የኮኮናት ቅርፊት) 25 ሊትር ያህል ውሃ ሲጠጣ ወደ 65 ሊትር ይነፋል። አንድ ትሪ ከ3 እስከ 4 ሊትር ስለሚይዝ፣ አንዱ ጡብ ከ16 ትሪ በላይ ይሞላል። ቲማቲም በ1 ሜትር በ30 ሳንቲ ሜትር ሲተከል ሩብ ሄክታር 8,300 ችግኝ ይፈልጋል፤ አሥር በመቶ መጠባበቂያ ጨምረው 72 ትሪ ያዘጋጁ።

የኮኮፒቱ ደካማ ጎን ጨው ነው። የኮኮናት ቅርፊት ከባሕር ዳርቻ ስለሚመጣ፣ ያልታጠበው የቅጠሉን ጫፍ ያቃጥላል፣ ቡቃያውንም ያሳሳል። ነፍቶ ካበቃ በኋላ በንጹሕ ውሃ ሁለት ጊዜ አጥበው ያጥልሉት። በእጅ ሲጨመቅ ጥቂት ጠብታ ብቻ ከወጣው ልኩ ነው። ለማብቃቃት የእንቦጭ ኮምፖስት መቀላቀል የሚያስብ ካለ፣ በደንብ ያልበሰለው ችግኝ ያቃጥላልና ጥቁር ሆኖ የአፈር ሽታ እስኪይዝ ይታገስ።

ዘሩን በየጉድጓዱ አንድ አንድ፣ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል አጥልቀው ይዝሩ። ከዚያ ትሪዎቹን ደራርበው በላስቲክ ይሸፍኑ። ብዙ ዘር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ጠዋት ማታ መታየት አለበት፤ ቡቃያው ብቅ እንዳለ ትሪዎቹ ተነጣጥለው ካልተዘረጉ በአንድ ቀን ቀጥኖ ይረዝማል፣ ከዚያ ወዲያ አይስተካከልም። በመስኮት አጠገብ ማቆየትም ወደ ብርሃኑ ያጣምመዋል። ዝናብ የማያስገባ ብርሃን አሳላፊ ላስቲክ ከላይ፣ ነጭ ዝንብ የማያሳልፍ ጥቅጥቅ ያለ መረብ ከጎን ያድርጉለት፤ የቲማቲምን ቅጠል የሚያጠቀልለውን ቫይረስ የምታመጣው ነጭ ዝንብ ናትና። ትሪው መሬት ላይ አይቀመጥ፤ ከሥሩ አየር እንዲያገኝ በሽቦ ወይም በቀርከሃ አልጋ ላይ ከፍ ይበል።

ውሃ ጠዋት ብቻ ያጠጡ። ማታ ርሶ ያደረ ችግኝ ግንዱ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ጠቁሮ ይቀጥንና ይወድቃል፤ አንዱ ከወደቀ ጎረቤቱም ይከተላል። የጣና ውሃ ለሐይቁ ዳር ሰው ቅርብ ቢሆንም ክረምት ላይ ደለሉ በትሪው ጉድጓዶች ፊት ላይ እንደ ልስን ይደርቃል፤ አሳድረው ከላይ ያለውን ብቻ ይቅዱ። ኮኮፒት ምግብ የለውም ማለት ይቻላል፤ ሁለተኛው እውነተኛ ቅጠል (ከመጀመሪያዎቹ የቡቃያ ቅጠሎች በኋላ የሚመጣው) ሲወጣ በሳምንት አንዴ በሊትር 1 ግራም የሚሟሟ ማዳበሪያ ይስጡ።

ለቃሪያ ግን ይህን ትሪ አንመክርም። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ስለሚቆይ 128ቱ ይጠበዋል፣ ሥሩም ይጠቀለላል፤ ባለ 72ቱ ይሻለዋል። ሌሊቱ በሚበርድበት ታኅሣሥና ጥር ደግሞ ቃሪያ ለመብቀል ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሊወስድ ስለሚችል፣ የተደራረበውን ትሪ ማታ ማታ ሞቅ ባለ ክፍል ያሳድሩት።

ቲማቲም በ4 ወይም 5 ሳምንት ይደርሳል። ከታች ገፋ ሲያደርጉት አፈሩን ሳይበትን ከነሥሩ ከወጣ ጊዜው ነው። ከመትከሉ በፊት ለ7 ቀን ውሃውን እየቀነሱ ፀሐይ ያለማምዱት። ባዶውን ትሪ በ1 እጅ በረኪና ለ9 እጅ ውሃ 10 ደቂቃ ዘፍዝፈው አጥበው ከጥላ ያስቀምጡ፤ ፀሐይ ላይ የከረመ ፕላስቲክ በሚቀጥለው ዓመት በእጅዎ ላይ ይሰባበራል።