500 ሊትር ሮቶ ከነስታንዱ፦ ታንከሩን ግዙ፣ ስታንዱን ተዉት

አዳማ ውስጥ የሕንጻ መሣሪያ ሱቆች ደጃፍ ላይ ሮቶውና የብረት ስታንዱ አብረው ይደረደራሉ። ከቦሰት፣ ከወንጂ ዙሪያና ከአዳማ ወረዳ ቀበሌዎች የሚመጣ ገዢም ብዙ ጊዜ ሁለቱን አንድ ላይ ያስጭናል። ታንከሩ ለክፉ ቀን የሚሆን፣ ገንዘቡን የሚያወጣ ዕቃ ነው። ባለ 2 ሜትሩ ስታንድ ግን በዚህ አገር መሬት ላይ፣ ልጆች በሚሮጡበት ግቢ ውስጥ ባይቆም ይሻላል።

አዳማ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት። ከ2017 መስከረም ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌና በመተሃራ በኩል ሲደጋገም የቆየው መንቀጥቀጥ እዚህም ተሰምቷል፤ የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ የተመዘገበው 6.0 ነበር። ውሃ የሞላ 500 ሊትር ታንከር 5 ኩንታል ነው። 1 ሜትር ስፋት ባለው፣ 2 ሜትር በሚረዝም ስታንድ ላይ ሲቀመጥ፣ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ የሚሆን የጎን ግፊት ሊገለብጠው ይችላል። ውስጡ ያለው ውሃ መዋዠቁ ደግሞ ያባብሰዋል።

እስቲ ሱቁ ደጃፍ ላይ የቆመውን ስታንድ ጎንበስ ብላችሁ እዩት። ብዙዎቹ እግራቸው ሥር ጠፍጣፋ ብረት እንኳ የላቸውም፤ አንግሉ እንደተቆረጠ ነው። ጠፍጣፋው ያላቸውም ቢሆኑ የብሎን ቀዳዳ የላቸውም፣ ስለዚህ ከኮንክሪት ጋር የሚታሰሩበት መንገድ የለም። ብየዳው ዙሪያውን ሳይሆን ነጥብ ነጥብ ብቻ ከሆነ፣ ወይም ሰያፍ ማጠናከሪያው በሁለት ጎን ብቻ ከሆነ፣ መንቀጥቀጥ ሳይመጣም ይጣመማል። መረሬ አፈር ላይ ሲተከል ችግሩ ይብሳል፦ አፈሩ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ አንዱ እግር ይሰምጥና ታንከሩ ያዘነብላል። ከላይ ያለው የብረት እርብራብ ክፍተቱ ሰፊ ከሆነም የፕላስቲኩ ሆድ በየክፍተቱ እየጎበጠ፣ ቆይቶ በዚያው መስመር ይሰነጠቃል።

በስታንዱ ዋጋ የድንጋይ መደብ ይሠራ። ጎኑ 1.20 ሜትር፣ ከመሬት በላይ ከፍታው 70 ሳንቲ ሜትር፣ መሠረቱ 40 ሳንቲ ሜትር ተቆፍሮ። ድንጋዩ 1.6 ሜትር ኩብ ገደማ፣ ሲሚንቶው ደግሞ አንድ ለአራት ሲቦካ 2 ኩንታል ገደማ ይፈጃል። ብሎኬት ደርድሮ ማስቀመጥ አይሆንም፣ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ይፈርሳል። 70 የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ 20 ሊትር ጀሪካን ከቧንቧው ሥር ቀጥ ብሎ ይገባል። ፊቱ በሲሚንቶ ተለስኖ ድፍን መሆን አለበት። አራት ማዕዘኑ ላይ የፌሮ ቀለበት አብሮ ተቀብሮ ታንከሩ በሰፊ ማሰሪያ ከታሰረ፣ መንሸራተትም አይኖርም። ቦታው ከቤቱ ግድግዳ ከ1 ሜትር በላይ ይራቅ፤ የመውጫው በር ፊት ለፊትም አይሁን።

ታንከሩን ስትመርጡ ክዳኑን ከፍታችሁ፣ ጭንቅላታችሁን አስገብታችሁ ወደ ፀሐይ በኩል ያለውን ግድግዳ ተመልከቱ። ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ አረንጓዴ ነገር ያበቅላልና ይቅር። የታችኛውን ጠርዝ በእጃችሁ ተጫኑ፤ ከሌላው ቦታ ለይቶ የሚረግብ ከሆነ ፕላስቲኩ እዚያ ጋ ሳስቷል ማለት ነው። በጋሪ የምታስወስዱ ከሆነ ከሥሩ ጆንያ አንጥፉ፤ የጋሪ ወለል ላይ ብቅ ያለች ሚስማር ስንቱን አዲስ ታንከር ቤት ሳይደርስ አበላሽታለች።

ሱቁ ከታንከሩ ጋር የሚሰጠው የቧንቧ ዕቃ ደካማው ክፍል ነው። መውጫው ላይ ወዲያው ቦል ቫልቭ ይግባ፤ ሳራቺኔስካ (እጀታው ብዙ ዙር እየዞረ የሚዘጋው ቫልቭ) ለወራት ሳይነካ ሲቆይ ይነክስና በሚያስፈልግበት ሰዓት አይዞርም። ከቫልቩ በኋላ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ፍሌክሲብል ቱቦ ላላ ብሎ ይቀጠል። መሬት ሲንቀጠቀጥ መጀመሪያ የሚሰበረው ታንከሩና ደረቁ ቧንቧ የሚገናኙበት ቦታ ነው፤ ቫልቩ ራቅ ብሎ ከተገጠመ ያጠራቀማችሁት ሁሉ መሬት ይጠጣዋል። መውጫው ከታንከሩ ወለል 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ ደለሉ ከታች ይቀራል። የጎሚኒው (የላስቲክ ማሸጊያው) ዳዶ በእጅ ጠብቆ በመፍቻ ሩብ ዙር ብቻ ይጨመርበት፤ ከዚያ በላይ ሲጠብቅ ፕላስቲኩን ይሰነጥቀዋል። ጋላጃንቴው (ታንከሩ ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው ተንሳፋፊ) ደህና ነው።

መጠኑስ? በአደጋ ጊዜ ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር የሚለው የዕርዳታ ሥራ መለኪያ ለ6 ሰው 90 ሊትር ይሆናል፤ 500 ሊትር አምስት ቀን ተኩል ያቆያል። ባለ 1000ው ለትልቅ ቤተሰብ ካልሆነ ውሃው ሳይለወጥ ይሰነብታል። ባለክዳን ሁለት ጀሪካን ግን የግድ ነው፤ ቤት ለቆ መውጣት ሲመጣ ታንከር አይሸከሙም።

አዋሽ ዳር ላሉ፣ ወንጂና ከቆቃ ግድብ በታች ለሚኖሩ አንድ የተለየ ነገር አለ። ባዶ ታንከር በጎርፍ ይንሳፈፋል፣ ቧንቧውን ነቅሎ ይሄዳል። ክረምት ሲገባ፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ ሞልቶ ይቀመጥ። መደቡም ጎርፍ ቀድሞ ከደረሰበት ምልክት በላይ ይሁን።

አዲስ ታንከር መጀመሪያ ይታጠባል፦ ሞልቶ ግማሽ ሊትር ሽታ የሌለው 5 በመቶ በረኪና ተጨምሮበት 24 ሰዓት ይቆይና ይደፋል። ከዚያ በኋላ ለጥርት ያለ 500 ሊትር ውሃ 20 ሚሊ ሊትር፣ ለደፈረሰ እጥፍ ይበቃል። ከ30 ደቂቃ በኋላ ስስ የክሎሪን ሽታ ከሌለው መጠኑ ይደገም። በረኪና በአዳማ ሙቀት ቶሎ ይዳከማልና ጥላ ሥር ይቀመጥ። ለጀሪካን «ውሃ አጋር» የሚባለው የክሎሪን ውሃ ማከሚያ ይቀላል፤ መጠኑ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል።

በረኪናም ማፍላትም ፍሎራይድን አያወጡም፤ ማፍላት እንዲያውም ያከማቸዋል። ወንጂ አካባቢ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይዱ ብዙ ስለሆነ ታንከሩን ከጣሪያ በሚወርድ የዝናብ ውሃ መሙላት ይመረጣል። 40 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ፣ የሚባክነው ተቀንሶ ከ600 ሊትር በላይ ይገኛል። የመጀመሪያው 40 ሊትር አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ስለሚወርድ ይደፋ። አሸንዳው ላይ ወንፊት፣ የታንከሩ አፍ ላይ ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ ሽቦ ይግባ፤ ያለዚያ የወባ ትንኝ ይራባበታል።