በሰሜን ቨርጂኒያ በአማርኛ የሚሰጥ የመኪና መንዳት ትምህርት፦ የቢጫ መብራቱ ክፍል ሲገመገም

በአሌክሳንድሪያ አካባቢ የሚገኝ አንድ አነስተኛ የመንጃ ትምህርት ቤት በአማርኛ ከሚሰጣቸው የተግባር ትምህርቶች መካከል ለተከፈለበት ገንዘብ ከሁሉም በላይ የሚመጥነው ስለ ቢጫ መብራት የሚሰጠው ነው። ሌሎች «ቢጫ ማለት ተጠንቀቅ ነው» ብለው የሚያልፉትን ጉዳይ የዚህ ትምህርት ቤት አሰልጣኝ የፍጥነትና የርቀት ጥያቄ አድርገው ያስተምሩታል።

ተማሪው በሰዓት 35 ማይል እየነዳ ወደ መስቀለኛ መንገድ ሲቃረብ፣ ከመቆሚያው መስመር 185 ጫማ ያህል የሚርቅ ምሰሶ ወይም ዛፍ በምልክትነት ያሳዩታል። ምልክቱ ላይ ሳይደርስ ቢጫው ከበራ ይቆማል፤ ካለፈው በኋላ ከበራ ግን ነዳጅ ሳይጨምር በያዘው ፍጥነት ይሻገራል። ቁጥሩ በግምት የተወሰደ አይደለም። የመንገድ መሐንዲሶች የቢጫውን ቆይታ ሲያሰሉ ሾፌሩ መብራቱን አይቶ ፍሬን እስኪይዝ 1 ሰከንድ ይፈጅበታል፣ ከዚያም መኪናው ፍጥነቱን በየሰከንዱ በ10 ጫማ በሰከንድ እየቀነሰ ይቆማል ብለው ስለሚነሡ፣ ሜዳ በሆነ መንገድ ላይ በዚህ ፍጥነት የሚገኘው የቢጫው ቆይታ 3.6 ሰከንድ ገደማ ነው፤ መኪናውም በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚጓዘው 185 ጫማ ያህል ነው። አስፋልቱ ርጥብ በሆነ ጊዜ ምልክቱን ወደ ኋላ ማራቅ እንደሚያስፈልግም አሰልጣኙ ደጋግመው ያሳስባሉ።

ሕጉንም በሚገባ ያውቁታል። በቨርጂኒያ ቢጫ ሲበራ ወደ መስቀለኛው መንገድ ያልገባ ተሽከርካሪ፣ ማለፉ አደጋ የማያስከትል ካልሆነ በስተቀር የመቆም ግዴታ አለበት፤ በሜሪላንድ ግን ቢጫው ማስጠንቀቂያ ሲሆን ጥፋት የሚሆነው ቀዩ ከበራ በኋላ መግባት ነው። ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ታክሲ ወይም ኡበር ለመሥራት ያሰቡና የፖቶማክን ድልድዮች በቀን ደጋግመው የሚሻገሩ በመሆናቸው ይህ ልዩነት ለእነርሱ ከእንጀራቸው ጋር የተያያዘ ነው። የቀይ መብራት ካሜራ ቅጣቱ በቨርጂኒያ ከ50 ዶላር አይበልጥም፣ በዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ 150 ዶላር ነው፤ በቨርጂኒያ ፖሊስ ራሱ አስቁሞ ሲከስ ግን ቅጣቱ እስከ 350 ዶላር ሊደርስ ይችላል፣ በመንጃ ፈቃዱ መዝገብም 4 የጥፋት ነጥብ ይያዛል። በሾፌርነት ለሚተዳደር ሰው ከገንዘቡ ይልቅ ነጥቡ ይከብዳል።

ቅሬታዬ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ለተማሪዎች በሚታደለው ጽሑፍ ላይ «ቢጫ ሲበራ ቁም» ተብሎ ያለ ምንም ማብራሪያ መስፈሩ ነው። ይህን ቃል በቃል የያዘ ጀማሪ ከመስመሩ ጥቂት ጫማ ሲቀረው ፍሬኑን በድንገት ቢረግጥ ከኋላው የሚመጣው መኪና መግጨቱ አይቀርም፤ አሰልጣኙ በመንገድ ላይ የሚያስተምሩትንም ያፈርሳል። ሁለተኛው፣ ወደ ግራ ስለ መታጠፍ የሚሰጠው ጊዜ እጅግ አጭር መሆኑ ነው። በአረንጓዴ መብራት መስቀለኛው መንገድ ውስጥ ገብቶ ከፊት የሚመጡትን የሚጠብቅ ሾፌር ቢጫው ሲበራበት ሕጉ መንገዱን እንዲለቅ ያዘዋል እንጂ መሐል ላይ ቆሞ እንዲቀር አይፈቅድለትም፤ ሆኖም ከፊት የሚመጣው ተሽከርካሪ መቆሙን ሳያረጋግጥ መታጠፍ የለበትም። ጀማሪዎች ከሁሉ በላይ የሚደናገጡት እዚህ ላይ ስለሆነ፣ ራሱን የቻለ አንድ ክፍለ ጊዜ ሊመደብለት ይገባ ነበር።

ለመመዝገብ የሚያስብ ሰው ከሥራ መውጫ ሰዓት ውጭ ያለ ቀጠሮ ቢጠይቅ ይሻለዋል፤ በዚያ ሰዓት በአካባቢው ባሉት መንገዶች 35 ማይል መንዳት ስለማይቻል የርቀቱን ልምምድ መሥራት አይቻልም።